ጉርጥ በመቀመጫዋ ስትጠጣ

ሰው ተሳስቶ ሲሳቅበት ያለ ነው። እኔ ግን የተሳቀብኝ እውነት ተናግሬ ነው፤ ለዚያውም ከመጽሐፍ የቀዳሁትን እውነት።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዚያ ጥር ወር ትምህርቱ እንስሳት በሰውነታቸው ያለውን ውሃ እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ነበር፤ ግመልን አልፈን እንቁራሪትና ጉርጥ ላይ ደረስን። ጠመኔዬን ከፍ አድርጌ፣ «እነዚህ ፍጥረታት ውሃ በአፋቸው አይጠጡም» አልኩ።

ደሳለኝ የሚባል፣ ከኋላ ተቀምጦ የፊተኞቹን የሚያስቅ ተማሪ አለኝ። እጁን አወጣ። «ታዲያ በምናቸው ነው የሚጠጡት መምህር?»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው «በቆዳቸው» ብሎ ያልፋል። ትክክልም ነው። እኔ ግን ከትክክል በላይ ትክክል የመሆን አባዜ አለብኝ። «በተለይ» አልኩ፣ «በታችኛው ሆዳቸውና በጭናቸው መካከል ባለው ስስ ቆዳ። ባጭሩ በመቀመጫቸው።»

ከዚያ ጣሪያው ቆርቆሮ ባይሆን ኖሮ የሚወድቅ ሳቅ ተነሳ። ከአንጎል ሥር ስላለችው ዕጢ፣ ዕጢዋ ስለምትልከው ሆርሞን፣ ሆርሞኑ ለቆዳው «ክፈት»፣ ለኩላሊቱ «ቆጥብ» እያለ ስለሚሰጠው ትእዛዝ ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ሁሉ ሳቅ በላው። ደወል ሳይደወል «መምህር መቀመጫ» ተባልኩ።

የቅጽል ስም ክፋቱ ከግቢ መውጣቱ ነው። በማግስቱ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ሾፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ መቀመጫ አለ» አለኝ። ሰውየው እየሰደበኝ ይሁን እየጫነኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በእግሬ ሄድኩ።

እንግዲህ ክብሬን የሚመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉርጧ ራሷ። የተጠማች ጉርጥ እመዝናለሁ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ መልሼ እመዝናለሁ። አፏን ሳትከፍት ክብደት ከጨመረች ደሳለኝ ምን ይላል? ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጉርጥ ግን ከየት ትምጣ? በጥር መሬቱ ደርቋል። ተማሪዎቼን አምጡ ብላቸው አንዷ ተማሪ እንሽላሊት በፌስታል ይዛልኝ መጣች። አመሰገንኳት።

ያን ጊዜ ነው የአማቴ የመስኖ ቦይ ትዝ ያለኝ።

አማቴ እማማ አንጓች ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ በመስኖ ሽንኩርትና ድንች የሚያመርቱ ብርቱ ሴት ናቸው። የትውልዳቸው ሐረግ ከአዊ ነውና ሁለት ቋንቋ አላቸው፤ ሲደሰቱ አማርኛ፣ ሲቆጡ አዊኛ። እኔን «መምህር» እያሉ በአንቱታ ይጠሩኛል፤ እኔም በአንቱታ እመልሳለሁ። አማችና አማት እንዲህ ሲከባበሩ ደስ ይላል፤ ችግሩ አንዱ የሌላውን ቃል ማረም አለመቻሉ ነው። እማማ አንጓች «ዛሬ ሐሙስ ነው» ካሉኝ፣ ማክሰኞም ቢሆን ሐሙስ ብዬ ነው የምውለው።

የሴት ልጃችን ሰማንያ ቀን እሑድ ላይ ስለዋለ፣ ለክርስትናው ቅዳሜ ሄጄ አያትየዋን ማምጣት የኔ ድርሻ ነበር። አንድ መንገድ ለሁለት ጉዳይ አልኩና፣ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ይዤ፣ ክዳኑን በምስማር በስቼ ሄድኩ።

እማማ አንጓች ለመንገድ ሲለባበሱ እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ጉርጥ መያዝ ቀላል መስሎኝ ነበር። መያዙስ ቀላል ነው፤ ከተያዘች በኋላ የምታደርገው ነው የሚከብደው። ጉርጥ ለደረቅ ቀን ብላ በሽንት ፊኛዋ ውሃ ታጠራቅማለች፤ ሲቸግራት ከዚያው መልሳ ወደ ደሟ ትስበዋለች። ስትደነግጥ ግን ስንቄ ነው አትልም፣ ሁሉንም በያዛት ሰው ላይ ትለቀዋለች። እኔ ደግሞ የክት ሸሚዜን ለብሼ ነበር። በቦዩ ማዶ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆመው አይተውኝ፣ «መምህር፣ ምን ጠፋብዎ?» አሉኝ።

«ክብሬ» ልላቸው ብዬ፣ «ቀለበቴ» አልኩ። አብረውኝ ሊፈልጉ ጫማቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ አገኘሁት ብዬ ወጣሁ።

ባልዲውን እርጥብ ጆንያ አንጥፌበት፣ ጉርጦቹን አስገብቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ በላዩ ነጠላ ጣል አደረግኩበት። እማማ አንጓች ጉርጥ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ስሟ ምግብ ላይ እንዲነሳ እንኳ አይፈቅዱም። ስለዚህ ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን ባልዲውን ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጥ፣ ሲጠይቁኝ በቀስታ አስረዳቸዋለሁ ብዬ ነበር።

የጠየቀኝ ረዳቱ ነው። ነጠላውን በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ፣ «ማር ነው እንዴ መምህር? እንዳይፈስብን» አለ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት አማቴ መለሱለት። «ማር ነው እንጂ። ለልጅቷ ክርስትና ነዋ። እኔም ምን ያቅፋሉ ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳልሰማ ሊያስደንቁኝ ነበር አይደል? ብርቱካን ባል አገኘች።»

ብርቱካን ባለቤቴ ናት። ካገባኋት ወዲህ እናቷ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ በዚህ ሰዓት «የለም፣ ጉርጥ ነው» የሚል አማች የት አገር ተወለደ? ነጠላውን መልሼ ባልዲው ላይ አለበስኩት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኼ ነው።

ማንኩሳን እንዳለፍን አንዱ ጉርጥ ከባልዲው ውስጥ ጮኸ። ወንድ ጉርጥ ሌላው ሲጫነው ልቀቀኝ ብሎ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ለሳይንስ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ለሚኒባስ ግን የሚያሳፍር ድምፅ ነው። እኔ ሳልኩ። ደግሞ ጮኸ፤ እኔም ደግሜ ሳልኩ። ከፊቴ የተቀመጡ ሴት ዞር ሳይሉ፣ «ሆድ ነው ወንድሜ፣ ፌጦ በሎሚ አድርገህ ጠጣበት» አሉኝ። እማማ አንጓች በሐዘን አዩኝ። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ በጉዳዩ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ተወያየ፤ ፌጦን የሚደግፉ በዙ።

እቤት ስንደርስ እማማ አንጓች ባልዲውን ከእጄ ተቀብለው፣ «የማር ነገር ለወንድ አይሆንም» ብለው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። እኔ ብርቱካንን ጠራሁና በጆሮዋ ነገርኳት። ልጇን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጉርጥ» አለች።

«ጉርጥ።»

«እኔ አራስ ነኝ» አለች፤ «አንተው ንገራቸው።»

ልነግራቸው ሦስቴ ጓዳ ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር፤ ቢላ ይዘው ነበር። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ስለ እኔ እያወሩ ነበር፤ «ማሩን እንኳ ደብቆ ነው ያመጣ፣ ታይታ የማይወድ ሰው ነው» ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ እዚህ መሐል ገብቶ ታይታ እንደምወድ ማስረዳት ይቻላል? በመጨረሻው ግን ቆርጬ ገባሁና፣ «እማማ፣ ያ ባልዲ...» ስል፣ «አይጨነቁ፣ አልከፍተውም። ነገ የነፍስ አባታችን ባርከው ይከፍቱታል» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንወጣ ስንል ባልዲው የፀሐይ መውጫ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ አየሁት። «ማሩ ሳይረጋ አይቀርም» አሉ እማማ አንጓች። «ስንመለስ ለብርዝ እንዲላላ ፀሐይ ይንካው።»

ቅዳሴው ላይ ቆሜ ልቤ ግድግዳው ሥር ነበር። ልጄ ስትጠመቅ፣ ስሟ ወለተ ማርያም ሲባል ሰማሁ፤ አለቀስኩም። የጎረቤት ሰዎች ለልጅቷ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ግን ግማሹን ያለቀስኩት ለጉርጦቹ ነበር። ጆንያው ደርቋል። አሁን ደማቸው እየወፈረ ነው፤ ከአንጎላቸው ሥር ያለችው፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ዕጢ ሆርሞኗን እየለቀቀች ነው፤ ኩላሊታቸው ሽንት መሥራት አቁሟል፤ ፊኛቸውን እየመጠጡ ነው። ፊኛቸውን ደግሞ እኔ ሸሚዝ ላይ ነው ያራገፉት። ይኼን ሳስብ እንደገና አለቀስኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢው ውስጥ የተጣለው ዳስ ሞላ። እንግዶች ተቀመጡ፤ የነፍስ አባታችን በመሐል ተቀመጡ። ቀልድ የሚወዱ፣ ቅኔ የዘለቁ ቄስ ናቸው። እማማ አንጓች ባልዲውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ነጠላቸውን መስቀልያ እንደለበሱ መጡና አባታችን ፊት አስቀመጡት።

«አባታችን፣ አማቼ ያመጡት ማር ነው። ይባርኩልንና ብርዙን በእርስዎ እጅ እንጀምር።»

«አባ...» አልኩ።

«ቆይ መምህር፣ ምስጋናውን በኋላ» አሉኝ የነፍስ አባታችን። መስቀላቸውን አንስተው ባረኩ። እማማ አንጓች ክዳኑን ከፈቱ።

የወጡበትን ፍጥነት ልነግራችሁ አልችልም። ግማሽ ቀን ፀሐይ የመታው ጉርጥ ክዳን ሲነሳለት አገር ጥሎ እንደሚሄድ ሰው ነው። አንዱ በእማማ አንጓች ትከሻ በኩል አለፈ። አንዱ ሙዚቃ መክፈቻው ስፒከር ላይ አረፈ። ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ወጡ፤ ወንዶችም ሴቶቹን ለመርዳት በሚል ሰበብ ወጡ። እማማ አንጓች ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ክዳኑን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ» አሉኝ። አንቱ አልነበረም። ከዚያ በአዊኛ ቀጠሉ። ረጅም ነበር። ብርቱካን እስከ ዛሬ አልተረጎመችልኝም፤ እንግዶቹ መካከል አዊኛ የሚሰሙት ግን ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

እማማ አንጓች ንግግራቸውን ጨርሰው ሲተነፍሱ፣ ዳሱ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር መታየት ጀመረ። ዝላዩ ቆሟል። ጉርጦቹ ሸሽተው አልጠፉም። አንዷ ጉርጥ እንግዳ እጁን የታጠበበት ሳፋ አጠገብ የፈሰሰው ውሃ ላይ ተቀምጣለች። ሌላዋ ከጠላ ጋኑ ሥር የተነጠፈው እርጥብ ጆንያ ላይ ናት። አንዷ የነፍስ አባታችን እጃቸውን አድርቀው አጠገባቸው ያኖሩት ፎጣ ላይ ወጥታ፣ የኋላ እግሮቿን እንደ ሊጥ ዘርግታ፣ ሆዷን ለጥፋ ጸጥ ብላለች።

የነፍስ አባታችን ጎንበስ ብለው አዩአት። «መምህር፣ ይቺ ምን እያደረገች ነው?»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን መምህር ነኝ። «እየጠጣች ነው» አልኩ።

«አፏ እኮ ተዘግቷል።»

«በአፏ አይደለም አባ።» ዙሪያዬን አየሁ። ጎረቤቶቼ፣ ዘመዶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሉ። ከዚህ ወዲያ የሚጠፋ ክብር የለኝም ብዬ፣ «በመቀመጫዋ ነው» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ወንበር ላይ የወጡት ቀስ ብለው ወረዱ፤ አንድ ሁለት ሰው ፎጣው አጠገብ ቁጢጥ አለ። እኔም ተያያዝኩት። ስትጠማ ዕጢዋ ሆርሞን እንደምትለቅ፣ ሆርሞኑ በደም ሄዶ የዚያን ስስ ቆዳ የውሃ በሮች እንደሚከፍት፣ ኩላሊቷን ሽንት እንደሚያስቀንሰው፣ ፊኛዋ የያዘውንም ለደሟ እንደሚያስመልስ ነገርኳቸው።

«ሆርሞኑስ ስም አለው?» አሉ አንድ አዛውንት።

«ቫዞቶሲን ይባላል።»

«የክርስትና ስሙ ነው?»

የነፍስ አባታችን ፎጣቸውን ለጉርጧ እንደለቀቁላት ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። ቅኔ ሲመጣባቸው እንደዚያ ነው።

«ጉርጥ እንኳን ቻለ ያለውን በሆዱ፣
የመምህራችን ግን ዘሎ ወጣ ጉዱ።»

ሰሙን የሰማው ሳቀ፤ ወርቁን የሰማው እኔን አየ። «ይበል» አሉ ሁሉም። እማማ አንጓች አልሳቁም። ክዳኑን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ከፎጣው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ግን ከጉርጧ አልነቀሉም። ምግቡ ተበላ፤ ብርዝ ባይኖርም ጠላ ነበር። እንግዳው ሊሸኝ ሲል ድንገት ተናገሩኝ። ወደ አንቱታው ተመልሰው ነበር።

«መምህር፣ ቦዩን የዘጋነው ጊዜስ? ወር ሙሉ ውሃ የማይለቀቅበት ጊዜ አለ። ምን ይሆናሉ?»

«መሬት ውስጥ ይቀበራሉ እማማ። ፊኛቸው ውስጥ ያለውን በትንሽ በትንሹ እየሳቡ ይኖሩበታል። በሆርሞኑ ትእዛዝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ እኮ በውሃ ተራ እንጣላለን» አሉ። ከዚያ ተነሱና፣ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ የደረቀውን ጆንያ በውሃ አርሰው ባልዲው ውስጥ መለሱት። ጉርጦቹን የሰበሰብኩት ግን እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ ማናቸውም ሸሚዜ ላይ አልለቀቁም። የጠጡትን ሊያጡ አልፈለጉም ብዬ ገመትኩ፤ ሳይንሱ ይኼን አይልም።

ሰኞ ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሚዛኑን አቆምኩ፣ ጉርጧን መዘንኩ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳት፣ ጠብቄ መልሼ መዘንኩ። ክብደቷ ያው ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው። ከኋላ ሳቅ መሽተት ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ልመዝናት ሳነሳት ነው ነገሩ የገባኝ። እሑድ ከሰዓቱን ሙሉ ድግስ ላይ ነበረች። ጠግባለች። የጠገበ ደግሞ ሆርሞኑን አይለቅም፤ በሩ ዝግ ነው። ይኼን ስነግራቸው ደሳለኝ፣ «እንግዲህ እስክትጠማ እንጠብቃታ» አለ። በቀልድ ነበር ያለው።

ጠበቅናት። ካርቶን ውስጥ አድርጌ መስኮት አጠገብ አኖርኳት፤ ሌሎች ክፍሎች አስተምሬ ስመለስ ቀልላለች። ጨርቁ ላይ ስትቀመጥ እግሮቿን ዘረጋች፤ ሆዷን ለጠፈች። ክፍሉ ተነስቶ ከበባት። ሚዛኑን እንዲያነብ ደሳለኝን ጠራሁት። መርፌውን ሁለት ጊዜ አየ።

«ጨምራለች» አለ።

«ጠጥታ ነዋ። በምኗ?»

«በቆዳዋ።»

«በተለይ?»

ደሳለኝ ጫማውን አየ። «በመቀመጫዋ» አለ በቀስታ። የዚያን ቀን የተሳቀው በእሱ ነው። እኔም በልኩ ሳቅኩ።

መቀመጫ መባሌ ቀረ። ሚኒባስ ረዳቱ ታሪኩን ሰምቶ መናኸሪያው ላይ ስለናኘው አሁን «መምህር ማር» ነኝ። ከፊተኛው ይሻላል፤ የማያውቁት ምስጋና ይመስላቸዋል።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ አንጓች ወደ ቡሬ ሊመለሱ ተነሱ። ባልዲውን አዘጋጅተው፣ «እንስሶቹ ለሽንኩርቴ ተባይ ይለቅማሉ፣ ከቦዬ ማን አወጣቸው» እያሉ፣ መቀነታቸውን እስኪያስሩ ልጅቷን ሰጡኝ። ክርስትና ከተነሳች ወዲህ ብዙም አልያዝኳትም ነበር። ደስ ብሎኝ ከፍ ሳደርጋት ሙቀት በእጄ በኩል ወረደና ሸሚዜን፣ ሱሪዬን፣ እስከ ካልሲዬ አረሰኝ።

«የሕፃን ኩላሊት እኮ ገና ውሃ መቆጠብ አልለመደም» አልኩ፣ ከልማድ የተነሳ። «ሆርሞኑን የሚሰማው ቀስ በቀስ ነው።»

እማማ አንጓች ልጅቷን ከእጄ ተቀብለው የራሰውን ጨርቅ ከሥሯ አወጡ። ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት።

«እስከ ዛሬ መምህር ነበሩ» አሉኝ። «እንግዲህ አባት ሆኑ።»

ሱሪዬን ሳልቀይር መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው።